ከሁለት ቁጥር በፊት የነበረው

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጣሪቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበትህ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ በሰላም ገብቻለሁ። አክስታችን እትዬ መሪማም ደህና ናቸው። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ "ያ ልጅ ከስቷል ወይስ ወፍሯል?" ብለው ጠየቁኝ። ከስቷል ብላቸው ጥፋቱን በእኔ ያደርጉታል፤ ወፍሯል ብላቸው ደግሞ ማን እያበላው ነው ይላሉ። እንዳለ ነው ብያቸው አለፍኩ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ላልከኝ፣ ሹፌሩ ደምሴ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ አንድ ፖስታ አይከብደውም። ደግሞም አስተማሪ ነኝ፤ ከሰማሁት ይልቅ ያነበብኩት ነው የሚቀርልኝ። ለጊዜው ይኼ ይብቃህ።

የጭንቅላቴን ምስል ያነሣው ማሽን አስፈርቶሽ ነበር ወይ ላልከው፣ አላስፈራኝም። ጩኸቱ ግን ጀውሃ የከባድ መኪና ጥገና ቤት በር ላይ የተኛሁ አስመስሎኛል። የቁጥሩ ጨዋታ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ፤ አሁን የመጣው ከሁለት ቁጥር በፊት ከነበረው ጋር አንድ ከሆነ ቁልፉን መጫን፣ ካልሆነ መተው። አራት፣ ሰባት፣ አራት፤ መጫን። ሂሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት አለፈኝ፤ በቁጥር ተፈትኜ ያላበኝ ግን የዚያን ቀን ነው። ያውም ክፍሉ እንዲያ ቀዝቃዛ ሆኖ። "ለጥናታችን ጤነኛ ሰው ጠፋ፤ ነይልኝ" ብለህ ስለለመንከኝ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ስንት እንዳገኘሁ መንገር ግዴታህ ነው።

ሌላ ወሬ ልንገርህ። ሱፍዋን ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ጀውሃ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው ሱፍዋን። እትዬ መሪማ ረመዳን ሳይገባ ይምጡ ብለዋል። እኔ ምን እንዳልኩ አልጽፍልህም። ስጽፈው ሳቄ እየመጣ አስቸገረኝ።

እህትህ ሂዳያ


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ ሳልመልስ በመቆየቴ አፉ በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ውጤትሽ ጥሩ ነው። እኛ የጥናቱ ሠራተኞች ሁላችንም ሞክረነዋል፤ አንቺን የሚያህል አልተገኘም። ጥናቱን የሚመሩት የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ባምላክ "መምህርት ናት አላልክም? ያስታውቃል" አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። አንደኛው ምስል ሲነሣ ተንቀሳቅሰሽ ኖሮ ደብዝዟል። ሲመችሽ መጥተሽ ብትደግሚልን ጥሩ ነው። የሚያጣድፍ ነገር የለውም፤ ብቻ ከየካቲት እንዳያልፍ። ደግሞ ለመጠይቁ ልጠይቅሽ የረሳሁት ነበር። ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል? እጅ ወይም እግርሽ ደንዝዞ ያውቃል? አንገትሽን ስታጎነብሺ ጀርባሽን እንደ ኤሌክትሪክ ነዝሮሽ ያውቃል? ካልነበረ "የለም" ብለሽ ብትጽፊልኝ ይበቃል።

የሱፍዋን ነገር ደስ ብሎኛል። ጨዋ ሰው ነው። ግን ሽማግሌዎቹ ከዒድ በኋላ ቢመጡስ? እኔም ልገኝ እፈልጋለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደ እናት ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንዲህ ያለው ቀን ላይ ልቅር?

ውሃ ጠጪ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ አትሂጂ።

ወንድምሽ ጣሪቅ


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሪቅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እዚህ ሁሉም ደህና ነው። የሽንኩርቱ ለቀማ ተጀምሯል፤ ከተማው ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። አትንቀሳቀሺ ብለኸኝ አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ ችዬው ነው የተኛሁት። ልጅ ሆነህ "ወተቱን ድመት ደፋችው" ትለኝ እንደነበረው ነው ደብዳቤህ። ድመት አልነበረንም።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ከሁለት ዓመት በፊት ግንቦት ላይ ቀኝ ዓይኔን አሞኝ ነበር። መጀመሪያ ሳዞረው ያመኛል፤ ከዚያ በነጠላ ውስጥ እንደማየት ሆነ። ያወቅሁት ፈተና ሳርም ነው። ቀዩ እስክሪብቶ በግራ ዓይኔ ቀይ ነው፤ በቀኙ ሳየው ታጥቦ የለቀቀ ጨርቅ ይመስላል። የሙቀት ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ወር አልፎት በራሱ ተመለሰ። አሁንም ቀኑ ሲግል ይደበዝዛል፤ ጥላ ስገባ ይመለሳል። እግሬን ደግሞ፣ ባለፈው ክረምት ግራው ካልሲ ያጠለቀ እየመሰለኝ ጫማዬን አውልቄ አይቼዋለሁ። የአንገቱን እንዴት አወቅህ? እሱ ሰው ሁሉ የሚሆነው መስሎኝ ነበር።

ስልክ ለምን እንደተውኩም ልንገርህ። ስታወራኝ መጨረሻውን ስሰማ መጀመሪያ ያልከው ይጠፋኛል። ወረቀት ከሆነ ወደ ላይ ተመልሼ አነበዋለሁ። ክፍል ውስጥም ተማሪ ረዘም ያለ ነገር ሲጠይቀኝ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው የማዳምጠው፤ ልጆቹ የማስተማር ዘዴ ይመስላቸዋል። እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። ቤቴ ስገባ ግን የጤፍ ኬሻ ተሸክሜ የዋልኩ ያህል ይደክመኛል።

እንግዲህ የእኔን ነገርኩህ። አሁን ያየኸውን ንገረኝ። ሽማግሌዎቹን ከዒድ በኋላ አድርጌያቸዋለሁ፤ "ጣሪቅ መገኘት ይፈልጋል" ብዬ ባንተ አሳብቤአለሁ። አንተ በምስሉ አሳበብህ፣ እኔ ባንተ፤ እኩል ነን።

ሂዳያ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አፉ በይኝ። የድመቷ ነገር እውነትሽን ነው።

ደብዳቤሽን ለዶክተር ባምላክ አነበብኩላቸው። ሰምተው "ያየኸውን ንገራት፤ የሕመሙን ስም ግን እኔ ነኝ የምነግራት። ያላየሁትን ሰው በወረቀት አላክምም፤ ትምጣ" አሉኝ። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፍልሻለሁ።

የዚያን ቀን መስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ ነበር። "ጣሪቅ፣ ትራሱ ድንጋይ ነው" ስትይ በማይክሮፎኑ ሰምቼ ስቄአለሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ምስል መጣ። ነጭ መሆን በሌለበት ቦታ ነጭ ነጠብጣቦች ነበሩት፤ ጥቂት ናቸው፣ የማሾ ፍሬ የሚያህሉ። ጥናታችን ራሱ ይኼ ሕመም ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ምስል በየሳምንቱ አያለሁ። የሌላ ሰው ፋይል የከፈትኩ መስሎኝ ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ሂዳያ ከቢር ይላል። አንቺ በዚያ ሰዓት ቁጥሮቹን እየመለስሽ ነበር፤ ሁሉንም ልክ። የማወዳደሪያ ጤነኛ እንድትሆኚልን ነበር የጠራሁሽ።

ስትወጪ "እንዴት ነበርኩ?" አልሽኝ። "ጎበዝ" አልኩሽና ሽሮ ሜዳ ወስጄሽ ሻርፕ ገዛሁልሽ። መናገር አልተፈቀደልኝም ነበር። ቢፈቀድልኝም የምችል አልመሰለኝም።

የሚገድል አይደለም። ይቺን አንዲት ቃል ልጨምር ብዬ አስፈቅጃለሁ። ደምሴ በሚመጣበት መኪና ነይ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ጣሪቅ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጣሪቅ፣

ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾምህን ይቀበልህ። ስንለያይ መኪናው ውስጥ ገብቼ እጄን እንኳ ሳላውለበልብልህ በመሄዴ አትቀየመኝ። ዞሬ ባይህ አለቅስ ነበር፤ ደምሴ ደግሞ ያየውን ሁሉ ይናገራል።

ስሙን እስክለምደው እዚህ ልጻፈው። መልቲፕል ስክሌሮሲስ። አንተ ውጪ ስትጠብቀኝ ከዶክተሩ ጋር ምን እንዳወራን ጠይቀኸኛል። "ያጠፋሁት ነገር አለ?" አልኳቸው። "የለም። ሰውነትሽን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቭሽን ልባስ እየነካ ነው።" "የእኛ አገር ሙቀት ነው ያመጣው?" "አላመጣውም፤ ግን ያስቸግርሻል።" "ማስተማር እችላለሁ?" ብላቸው ትንሽ ገርሟቸው አዩኝና "አሁን እያስተማርሽ አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶኝ ይቺ ብቻ ነው እስከ ሸዋ ሮቢት አብራኝ የመጣችው።

ደብረ ብርሃን ተዛወሪ ስላልከው፣ መናኸሪያ መሃል ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስለነገርከኝ አይደለም እምቢ ያልኩት። እትዬ መሪማ ያን ብርድ አይችሉትም። እኔም የማላውቀው ሰው መሃል ሄጄ ነው የምታመመው? እዚህ የጠዋት ፈረቃ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳን እኔ የከተማው ውሻም አይንቀሳቀስም።

ዶክተሩ መድኃኒቱ እስኪረጋልሽ አትጹሚ ስላሉኝ እየበላሁ ነው፤ ቀዳውን፣ ያልጾምኩትን ቀን፣ ሲሻለኝ ጾሜ አወጣለሁ ኢንሻአላህ። እትዬ መሪማ ፊት ግን ጾመኛ መስዬ እውላለሁ። ለእሳቸው አልነገርኩም። ለሱፍዋንም አልነገርኩም።

አንድ ነገር ልጠይቅህና በቀጥታ መልስልኝ። ያ ቁጥር ስመልስ የተነሣው ምስል ምን ይላል? ቁጥር መያዝ የሚያቅተኝን ዓመት ያሳያል?

ሂዳያ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

አያሳይም። በቀጥታ መልስ ስላልሽኝ ሰላምታዬን እንኳ አስቀድሜ አልጻፍኩም። ዶክተር ባምላክንም ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። የማንም ሰው ምስል የሚመጣውን ዓመት አይናገርም።

ያሳየውን ግን ልንገርሽ። የአንድ ሰው ምስል ለብቻው ብዙ አይነበብም፤ የብዙ ሰው አንድ ላይ ተደምሮ ነው። ቢሆንም ያንቺን ከፍቼ ከጤነኞቹ ጎን አስቀመጥኩት። ያቺን የአፍታ ትውስታ ለመያዝ ጤነኞቹ የሚያሠሩት የጭንቅላት ክፍል አንቺም ጋ ይሠራል። አንቺ ጋ ግን ሌላም ይሠራል፤ በማዶው ወገን ያለው ጭምር። መልሱ ያው መልስ ነው። እዚያ ለመድረስ የተጠራው ሠራተኛ ይበዛል፤ ዝናብ ያሰጋው ሰው ለአጨዳ ጎረቤቱን ሁሉ እንደሚጠራው። ይኼ የጉዳት ምልክት ነው ወይስ ጭንቅላት ጉዳቱን የሚሸፍንበት መላ ነው የሚለውን እነ ዶክተር ባምላክም ገና አልጨረሱትም።

እኔ ግን ምስሉን ሳይ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። የጤፍ ኬሻ ያልሽው። ዘንድሮም አምናም ቤት ስመጣ አልጋ ላይ ጋደም ብለሽ ሳገኝሽ ተማሪ አስቸግሯት ነው እል ነበር። ስንት ነገር ችለሽ እንደምትውዪ አላወቅሁም ነበር።

አሁን የምለው አለ፤ አትቆጪኝ። ለሱፍዋን አትንገሪው። መጀመሪያ ኒካሁ ይታሰር፤ መንገሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ላይሽ ላይ ምንም አይታይም። ጥናቱን ትቼ ወደዚያ መመለሴን እያሰብኩ ነው፤ ግን ወንድም ባል አይሆንም፤ እኔም ሁሌ አልኖር። ብቻሽን እንድትቀሪ አልፈልግም።

ጣሪቅ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሪቅ ወንድሜ፣

ዒድ ሙባረክ፤ ቢዘገይም። ሸቀጥ ይዞ የመጣው ደምሴ የላክልንን ቴምር አድርሶልናል። እትዬ መሪማ መርቀውሃል፤ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ ስትመጣ ራሳቸው ይድገሙልህ።

ለሱፍዋን ነግሬዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ከተባለበት ቀን በፊት በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ጀውሃ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥኩ። "ሱፍዋን፣ ሕመም አለብኝ" አልኩት። "ምን ዓይነት?" "የነርቭ። የማይድን፣ ግን በመድኃኒት የሚያዝ።" የያዘውን የዘይት ፊልትሮ መደርደሪያው ላይ መለሰው። "ለልጅ ይተላለፋል?" "ብዙ ጊዜ አይተላለፍም ብለውኛል ሐኪሙ።" "እግርሽስ? ማለቴ መሄድ?" "አሁን እሄዳለሁ። የነገን አላህ ነው የሚያውቀው።" በዚህ መሃል የሲኖትራክ ሾፌር ገብቶ የፍሬን ሸራ ጠየቀው። ሸጠለት፤ መልስ ቆጥሮ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር "እንዳስብ ጊዜ ስጪኝ" አለ። "ሽማግሌ ላኪው አንተ ነህ፤ ጊዜውም ያንተ ነው" ብዬው ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ዒድ አለፈ። አትቆጪኝ ብለሃል፤ አልተቆጣሁህም። አትንገሪው ያልከኝ ለእኔ አስበህ ነው። ግን አንተ ራስህ ያችን ጥቂት ሳምንት ደብቀኸኝ ምን ሆንክ? ሥራ በዛብኝ እያልክ መጻፍ አቃተህ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሥራ በዛብኝ እያልኩ ልኖር ነው? ጥናቱን ደግሞ እንዳትተው። ትተህ ብትመጣ በር አልከፍትልህም።

ለእትዬ መሪማም ነገርኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሲቀሩ መንገር ግድ ሆነ። ጾም እንዳልነበርኩ ስናዘዝላቸው "አውቃለሁ። ሳጥኑ ላይ ዳቦ የሚያስቀምጠው ማን መሰለሽ?" አሉኝ። እኔ ረስቼ የተውኩት እየመሰለኝ ነበር የምበላው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ይልማ ክፍለ ጊዜዎቼን ወደ ጠዋት አዛውረውልኛል። ምክንያቱን ስነግራቸው ብዙ አልጠየቁኝም። ደህና ነኝ። ከዚህ የበለጠ ስለ ሱፍዋን አትጠይቀኝ።

ሂዳያ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

መንገዱ ተዘግቶ ደምሴ ስለቀረ ደብዳቤሽ ሳልመልስለት ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ ከርሟል። ደህና መሆናችሁን በስልክ ብሰማም፣ "ደህና ነን" ብለሽ ቶሎ ስትዘጊው ልቤ አያርፍም።

አትጠይቀኝ ብለሻል፤ አልጠይቅሽም። የምነግርሽ ነው። ሱፍዋን እዚህ መጥቶ ነበር።

መርካቶ ዕቃ ሊገዛ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋበት ከተማው ውስጥ ቀረ። አንድ ቀን ከሥራ ክፍሌ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። "የሂዳያን ምስል አሳየኝ" አለኝ። "አልችልም፤ የእሷ ነው።" "እኔ ሞተር ሳልከፍት ይኼ ነው የተበላሸው አልልም።" "እህቴ መኪና አይደለችም" አልኩት፤ ተቆጥቼ ነበር። "አውቃለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። "መኪና ብትሆን አልፈራም ነበር።"

የሚሄድ መስሎኝ ትቼው ገባሁ። ስመለስ ከታካሚዎቹ ጋር ወረፋ መጠበቂያው ላይ ተቀምጦ፣ በምርኩዝ የምትሄድ አንዲት ሴትና ባሏን እያዋራ ነበር። ብርሃኔ ትባላለች፤ ከአንቺ በፊት የታመመች፣ ልጆች ያሏት። ምን እንዳወሩ አልነገረኝም። በማግስቱም መጣ። ዶክተር ባምላክ ሲወጡ ጠብቆ መድኃኒትሽ ስለሆነው መርፌ ጠየቃቸው፤ በረዶ ቤት ነው የሚቀመጠው? ምን ያህል ይቀዘቅዛል? መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል? እሳቸውም ቁጭ ብለው አስረዱት። ሲጨርስ እኔን "ደህና ዋል" ብሎኝ ሄደ። ስላንቺ አንድም ቃል አልተናገረም።

ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥሽም። ተመልሶ ከመጣ ግን ምስሉን ላሳየው ትፈቅጃለሽ?

ጣሪቅ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጣሪቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አታሳየው። የእኔ ጭንቅላት ነው፤ የማሳየው እኔ ነኝ።

ይኼን የምልህ ተቀይሜው አይደለም። ከደብዳቤህ በፊት እሱ ደርሷል። መንገዱ በተከፈተ ማግስት በራችንን አንኳኳ። እትዬ መሪማ ከፍተውለት ውሃ ሰጡትና ጎረቤት ሳፊያ ጋ ጉዳይ አለኝ ብለው ወጡ። ሳፊያ ያን ጊዜ ማጀቴ ከተማ ገበያ ሄዳ ነበር።

"ፈርቼ ነው የቀረሁት" አለኝ። "አሁንስ?" "አሁንም እፈራለሁ።" "እኔም እፈራለሁ" አልኩት።  ያለፈውን ወር እንዴት እንዳሳለፍኩት ልነግረው አስቤ ነበር፤ ፊቱን ሳየው የእሱም ከእኔ የተሻለ አልነበረም። ምርኩዝ ስለያዘችው ሴት ግን ነገረኝ። "ባልየው ከባዱ የቱ ነው ስለው፣ ሰው ሁሉ እሷን ሊጠይቅ የሚገባውን እኔን መጠየቁ ነው አለኝ። እኔም ያንን ነው ያደረግሁት፤ አንቺን ትቼ ወንድምሽን ልጠይቅ ሄድኩ" አለ።

እኔም አንድ ነገር አስቀድሜ ነገርኩት። "አንዳንዴ የጀመርኩት ወሬ ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ እንደ በሽተኛ አትየኝ፤ ዝምም አትበል። እዚህ ነበርሽ በለኝና እንቀጥል።" "እሺ" አለ። ወዲያው መልሶ "እኔስ ስረሳ?" አለኝ። እሱ እንኳ የደንበኞቹን ስም ሁሉ ይረሳል።

መርፌው የሚቀመጥበትን ነገር ልንገርህ። ሱፍዋን ትንሽ ፍሪጅ ከከባድ መኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ ጓዳችን ውስጥ አቁሞታል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከበዋል። እትዬ መሪማ በአንድ በኩል አብሽ አስገብተውበታል። የመድኃኒት ነው ብላቸው "አብሽም መድኃኒት ነው" አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ከዐረፋ በኋላ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ግን እንዳትቀር። በሰኔ ለሁለተኛው ምስል ስመጣ ሱፍዋን አብሮኝ ይመጣል፤ ከወንበርህ አጠገብ አስቀምጥልኝ፤ ሁሉንም ራሴ አሳየዋለሁ። ለዶክተር ባምላክ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጤነኛ ሆኜ ባልረዳቸው ታምሜ እረዳቸዋለሁ።

ሂዳያ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሙሽሪት እንዴት ሰነበትሽ? ከሠርጉ ከተመለስኩ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። የእትዬ መሪማ ምርቃት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

የጥናቱ ነገር ከምን ደረሰ ላልሽኝ፣ ሰው መሰብሰቡ አልቋል። ያንቺን ፋይል ከጤነኞቹ አውጥቼ ወደ ሌላው ወገን አዛወርኩት። ሌላ ባልደረባ እንዲያደርገው ልለምን ነበር፤ ከዚያ ራሴ ቁጭ ብዬ አደረግሁት። አንዲት ቁልፍ መጫን ናት። ተጭኜ ወደ ግቢው ወጣሁና ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዶክተር ባምላክ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

የተደመረው ምስልም እየወጣ ነው። እንደገመትነው ነው፤ ታማሚዎቹ የመለሱት ጤነኞቹ የመለሱትን ያህል ነው፤ የተሠራው ሥራ ግን በዝቶ ይታያል። ሌላ አገር እንደዚህ የወጣም፣ ያልወጣም አለ፤ ስለዚህ ገና ነው ይላሉ። የሰኔው ምስልሽ ላይ አዲስ ነጠብጣብ የለም። ይኼን ዶክተሩ ነግረውሻል፤ እኔም ልጽፈው ስለፈለግሁ ነው።

ከሱፍዋን ጋር ወንበር ተጋርተን ስናይ "ይኼ ሁሉ የሚበራው ስታስብ ነው?" ብሎ ሲጠይቅሽ የመለስሽለት ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። "ያንተን ስም ስጠራ ቢሆን ይብስ ነበር" አልሽው። እህቴ እንዲህ ማውራት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ክረምቱ እንዴት ነው? ትምህርት ሲጀመር ያለውን ጻፊልኝ፤ የሚያስፈራሽንም ጭምር።

ጣሪቅ


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ ጣሪቅ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ሱፍዋን በየጠዋቱ ጀውሃ እየወረደ ማታ ይመለሳል። የማሾው አዝመራ ደርሷል፤ ገበሬው ሁሉ ዝናብ እንዳይመጣበት ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። መርፌውን ራሴ መውጋት ለምጃለሁ። የተወጋሁ ቀን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያደርገኛል፤ በማግስቱ እነሳለሁ። ግራ እግሬ ባለፈው ወር ደንዝዞ ነበር፤ አሁን ተመልሷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ይኼን ያልደበቅሁህ የሚያስፈራሽን ጻፊ ስላልከኝ ነው።

የትምህርት ቤቱን ጠይቀሃል። የጠዋቱን ሁለት ክፍል እያስተማርኩ ነው። ማክሰኞ ዕለት የሆነውን ልንገርህ።

ሰሌዳ ላይ ረጅም ስሌት ጀምሬ መሃሉ ላይ ጠፋኝ። ድሮም ይጠፋኛል። ድሮ ግን ጠመኔውን አውቄ እጥልና ጎንበስ ብዬ እስካነሳው የጻፍኩትን አነባለሁ፤ ወይም "ቀሪውን እናንተ ጨርሱት" ብዬ በሩ ላይ እቆማለሁ። ማንም ሳያውቅብኝ። ያን ዕለት ደክሞኝ ነው መሰለኝ ዞር አልኩና "የት ደረስን?" አልኳቸው።

 የምፈትናቸው መስሏቸው ዓይናቸውን ደብተራቸው ላይ ተከሉ። "እየፈተንኳችሁ አይደለም" አልኳቸው። "ሕመም አለብኝ፤ አንዳንዴ የያዝኩት ነገር ይጠፋኛል። አሁን ጠፍቶኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።"

ጣሪቅ፣ ይቺን ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አንተ ነህ የምታውቀው።

ሰርክአዲስ የምትባል፣ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። "ቲቸር፣ ስድስቱ ገና አልተሻገረም" አለች። ጎኗ ያለው "ምልክቱም ይቀየራል" አለ። ሌላው ደግሞ "አይ፣ መጀመሪያ ማካፈል ነው" ብሎ ተከራከረ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። እኔ ጠመኔዬን ይዤ እሰማቸው ነበር። ላብ አላላበኝም።

ስድስቱን አሻገርኩት፤ ምልክቱን ቀየርኩት፤ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ።

እህትህ ሂዳያ